ግማሽ ጋቢ ይዤ ወደ ጨንቻ

ሐሙስ፣ ንጋት፤ አዲስ አበባ

ሽሮ ሜዳ ገና አልነቃም። ከቤታችን እስከ ታክሲ መያዣው ያለው ቁልቁለት ጭር ብሏል። ቀን ቀን ቀሚስና ነጠላ ደጃፍ ድረስ የሚሰቅሉት ሱቆች ሁሉ በራቸውን ጥርቅም አድርገዋል። አባዬ ግን ነቅቷል። በሩ ላይ ቆሞ፣ ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ፣ በግራው አንድ ፌስታል አቀበለኝ። ፌስታሉ ውስጥ ግማሽ ጋቢ አለ።

«ከእጅሽ እንዳይለይ» አለኝ። «ከሻንጣ ጋር ላይ እንዳትጭኚው።» ከዚያ ማታ ያስጠነቀቀኝን ደገመው፤ እጄ እንዲህ ሆነ ብለሽ ለጓደኛዬ ለማዳ እንዳትነግሪው፣ የሠርግ ሰው አይከፋም።

ግማሽ ጋቢ ደግሞ የምን ጉድ ነው ለምትሉ ላስረዳ። አባቴ ኦይቻና ጋሽ ማዳ ጨንቻ ላይ አንድ ዴስክ ተጋርተው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። ሁለቱም የሸማኔ ልጆች ስለነበሩ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሽመና ላይ ቁጭ ብለው ለደብተርና ለእስክሪብቶ ይሠሩ ነበር። ያኔ ነው የተስማሙት። ከሁለታችን የአንዳችን ልጅ ሲያገባ የሠርጉን ጋቢ አንድ ሰው ብቻ አይሠራውም፤ ግማሹን አንተ፣ ግማሹን እኔ። ጋቢ መቼም ሁለት ሸማ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው ስፋት የሚያገኘው። አባዬ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ አዲስ አበባ መጣ፣ ጋሽ ማዳ መምህር ሆነው እዚያው ቀሩ፣ ስምምነቱ ግን እንዳለ ነው። የጋሽ ማዳ ትልልቆቹ ልጆች እንዲያ ተዳሩ፣ ወንድሜም እንዲያ ተዳረ። የቀረነው የጋሽ ማዳ የመጨረሻ ልጅ ምሕረትና እኔ ነን። ምሕረት ቅዳሜ ታገባለች። እኔን ለጊዜው ተዉኝ።

ችግሩ የአባዬ ቀኝ እጅ ነው። ከፋሲካ በፊት ደነዘዘበት። ሐኪሙ የነርቭ ነው አለ፣ መድኃኒት አዘዘ፣ እኛም አሸን፤ ግን መወርወሪያ የሚወረውር እጅ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ አባዬ የጋሽ ማዳን ስልክ አያነሳም። ስልኩ ይጮሃል፣ ስሙን ያያል፣ ፊቱን ያዞራል። ለምን ስለው፣ «ምን እየሠራህ ነው ይለኛል። ምን ልለው ነው?» አለኝ። አባዬ ጴንጤ ነው፣ አይዋሽም፤ ስለዚህ አያነሳም። ውሸቱን ለኔ አሸክሞ በአውቶቡስ ሲልከኝ ግን ምንም አልመሰለውም።

ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ሸማ የሠራሁት እኔ ነኝ። በኛ በጋሞዎች ዘንድ ሴት ትፈትላለች እንጂ ሽመና ላይ አትቀመጥም። ሰፈራችን ሸማኔ ሞልቶ ሳለ አባዬ ለባዳ እጅ አልሰጥም አለ። ወንድሜ ድሬዳዋ ነው፣ እዚህም ቢሆን ኖሮ ክር አይወድም። ስለዚህ ከቢሮ ስመለስ በሩን እየዘጋን፣ እግሬን ከሽመናው ዕቃ ስር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ እሸምናለሁ፤ አባዬ ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «እግርሽን! ቀስ! አትሳቢው!» ይላል። ስንት ጊዜ ተኮራርፈን ተኛን። ርዝመቱን ስጠይቀው በክንድ ለኪ አለኝና ለካሁ። ጨርሼ ስቆርጠው በግራ እጁ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰውና ጥሩ ነው አለ። ከሱ አፍ ጥሩ ነው የሚል ቃል መስማት ምን ማለት እንደሆነ የሸማኔ ልጅ ያውቀዋል።

ሐሙስ፣ ከሰዓት፤ ከሶዶ ወዲያ

ቡታጅራ ላይ ቁርስ በላን፣ ሆሳዕና ላይ ዝናብ መታን፣ ሶዶ ላይ ሾፌሩ ጎማ አስነፋ። ከሶዶ ወዲያ መንገዱ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይወጣል። ሰው ሁሉ ሹራቡን ያወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል፣ አይከፈት የሚል አይጠፋም። እኔ ፌስታሌን ታቅፌያለሁ። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ ቆይቶ፣ እህቴ፣ ልጁ ጡት አይጠባም ወይ ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። አብሬ ሳቅሁ እንጂ አላወረድኩትም።

የአባያ ሐይቅ በግራ በኩል ብቅ ሲል ውሃው እንደ ሁልጊዜው ቀይ ነው፣ ቡና ቢጤ ቀይ። በስተቀኝ ተራራው ደመና ለብሷል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሙዝ ነው፤ አውቶቡሱ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ሴቶች ዘለላ አንጠልጥለው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። ዋጋው አዲስ አበባ ከሚሸጥበት ግማሽ አይሞላም፣ ያም ሆኖ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ተወዷል ብለው ተከራከሩ፣ በመጨረሻም ለኔም ጭምር ገዝተው አንዱን ላጥ አድርገው ሰጡኝ።

የሐይቁን ፎቶ አንስቼ የክፍላችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ይህ ግሩፕ አብረን አሥራ ሁለተኛ የጨረስን ልጆች ያለንበት ነው። ጠዋት ጠዋት አንዱ የአበባ ስቲከር ይልካል፣ ሌላው በልብ ይመልሳል፣ ልደት ሲሆን ኬኩ ይዘንባል። ከመካከላቸው አንዱን እንኳ በአካል ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት መቼ እንደሆነ አላውቅም። ፎቶው ስር ወዲያው ከልጆቹ ከአንዷ፣ ከሰላም፣ መልስ መጣ። «አርባ ምንጭ ነኝ እኮ። እዚህ ነው የምሠራው። ባትደውዪ ወየውልሽ።»

ሐሙስ፣ ሲመሻሽ፤ አርባ ምንጭ

ሰላም ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችኝ። በባጃጅ ዳገቱን ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ ወጣንና ሐይቆቹ ወለል ብለው የሚታዩበት ቦታ ተቀምጠን አሳ አዘዝን። አሳው ተሰነጣጥቆ፣ ተጠብሶ፣ ከነጭንቅላቱ በሰፊ ሳህን መጣ፤ ዳጣው ከጎኑ። የመጀመሪያውን ጉርሻ በዳጣ ነክሬ ዓይኔ እንባ ሲያቀር ሰላም ሳቀች። ሳቋ አልተለወጠም፣ ሌላው ሁሉ ተለውጧል። ከኋላ ወንበር እየጮኸች መምህር የምታስቆጣው ልጅ የግብርና ቢሮ ባለሙያ ሆና፣ መነጽር አድርጋ፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

ስለ ጋቢው ስነግራት መብላቷን ተወች። ፌስታሉን ከፍቼ እንዳሳያት ጠየቀችኝ፣ እጇን በሶፍት ጠርጋ ዳሰሰችው። ከዚያ ሌላ ነገር ተናገረች። በየቀኑ እየተጻጻፍን ድምፅሽን ረስቼው ነበር አለችኝ፤ ስልክ ላይ ሃሎ ስትዪኝ ማን እንደሆንሽ አላወቅኩም። እኔም የሷን ረስቼው ነበር። እዚያው ላይ ቅዳሜ ሠርጉ ላይ አብራኝ እንድትገኝ ለመንኳት፣ ለወጉ ያህል እንኳ አልተግደረደረችም፣ እሺ አለች።

ዓርብ፣ ረፋድ፤ ወደ ጨንቻ

ሰላምን ተሰናብቼ፣ የጨንቻ ሚኒባስ እስኪሞላ ከተሳፋሪው ጋር ጠብቀን ተነሳን። ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ተራራው ሲታጠፍ ሐይቁ ከእግራችን ስር ይቀራል። ኩርባ ላይ ኩርባ ነው። ሙዙ ያልቃል፣ እንሰት ይጀምራል፤ ከእንሰቱ በላይ ቀርከሃ፣ ከቀርከሃው በላይ ጉም። ታች ያወለቅነውን ሹራብ ሁሉም መልሶ ለበሰ። መንገድ ዳር አፕል በሳፋ ደርድረው የሚሸጡ ሴቶች እስከ ጆሯቸው ተጠቅልለዋል። ሾፌሩ የማን እንግዳ ነሽ አለኝ፤ የመምህር ማዳ ስለው፣ አስተምረውኛል ብሎ ጋቢና ቀይሮ አስቀመጠኝ። እንዲህ ያለውን ክብር በአዲስ አበባ ታክሲ አልለመድኩም።

ጨንቻ ከተማው ዳር፣ የቀርከሃ አጥር ያለው ግቢ በር ላይ ጋሽ ማዳ ቆመዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮት የለበሱ፣ ጸጉራቸው ሙሉ ለሙሉ ነጭ። ትከሻዬን ሳሙኝ፣ ከዚያ በትከሻዬ በኩል ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ሌላ ሰው ከሚኒባሱ የሚወርድ መስሏቸው ነው። ሚኒባሱ እስኪሄድ ድረስ ተመለከቱ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች በአማርኛ ወንድና ሴት አይለዩም፤ ና ግባ፣ ና ብላ ልጄ እያሉ እሳቱ አጠገብ አስቀመጡኝ። ትኩስ ቆጮ በጎመን ቀረበልኝ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይራገፋል፣ ሙሽሪት ምሕረት ጸጉሯን ልትሠራ አርባ ምንጭ ወርዳለች። ጋሽ ማዳ ግን ሠርጉን የረሱት ይመስላሉ። በልቼ እጄን እስክታጠብ ጠበቁና በርጩማቸውን ወደኔ ሳቡ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አባትሽን ምን ብዬ አስቀየምኩት?»

ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ስልኩም ተበላሽቶ ነበር ብዬ የተሰጠኝን ሁሉ ደረደርኩ። አላመኑኝም። ከፋሲካ ጀምሮ ያላሰቡት የለም፤ የአጎቱ ለቅሶ ላይ አልደረስኩም፣ እሱ ነው? ባለፈው ሲመጣ ያልኩት ነገር ነው? ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነግረው አስጸልየዋል። ማታ ማታ ስልኩን አንስተው ደውለው፣ ጠርቶ ጠርቶ ሲዘጋ ይተኛሉ። እትዬ ዘነበች ከጓዳ ሆነው በጋሞኛ አንድ ነገር አሉ፤ እህል እንቢ ብሎት ነበር ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አባዬን በዚያች ሰዓት ባገኘው ኖሮ በደንብ እንጣላ ነበር።

ዓርብ፣ ከሰዓት፤ የሽመናው ቤት

የሽመናው ቤት ከዋናው ቤት ጀርባ ነው። ጠባብ፣ ጨለም ያለ፣ ብርሃን የሚገባው በበሩ። የጋሽ ማዳ ግማሽ ገና ከሽመናው ዕቃ አልወረደም። የነሱ ልማድ እንዲህ ነው፤ ባለ ሠርጉ የራሱን ግማሽ የመጨረሻውን ጥለት ሳያስገባ ያቆየዋል፣ የጓደኛው ግማሽ ሲደርስ አስተያይቶ ይጨርሰዋል። ሁለቱ ጥለቶች ጫፍ ለጫፍ ካልገጠሙ ጋቢው ሲሰፋ ይንጋደዳል።

ፌስታሉን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ዳሩን በአውራ ጣታቸው አሹት፣ ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አዩት። የራሳቸውን ከተጠቀለለበት እንጨት ላይ ዘርግተው የኔን ከጎኑ አስተኙት። ያኔ ነው ያየሁት። የሳቸው ገና ጥለቱ ሳይገባበት የኔ አልቋል። ከስንዝር በላይ ያጥራል።

ጋሽ ማዳ አጎንብሰው የኔን በክንዳቸው ከዳር እስከ ዳር ለኩት። አንድ ጊዜ ደግመው ለኩ። ከዚያ ቀና ብለው ቀኝ ክንድሽን ዘርጊ አሉኝ። ዘረጋሁ። ሸማውን ከክርኔ እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ አስደግፈው እያጠፉ ሄዱ። የመጨረሻው እጥፋት ልክ ጣቴ ጫፍ ላይ አለቀ፣ ትርፍም ጎዶሎም የለውም።

አባዬ በክንድ ለኪ ሲለኝ በኔ ክንድ ለክቼ ነበር። በያንዳንዱ ክንድ ጣት ጣት ያህል እያጎደልኩ መጥቼ እዚህ ደረስኩ። ሸማኔ ቤት ተወልጄ እንዲህ ያለ ስህተት መሥራቴ ሌላ ቀን ቢሆን ያስቀኝ ነበር። አሁን ግን አፍሬ ክንዴን ሰበሰብኩ።

«ይኼ ያንቺ ክንድ ነው» አሉ ጋሽ ማዳ። ድምፃቸው ቀንሷል። «የኦይቻ እጅ የት ነው?»

ነገርኳቸው። መደንዘዙን፣ ሐኪሙን፣ በርጩማውን፣ ስልኩ ሲጮህ ፊቱን የሚያዞረውን፣ እንዳትነግሪው ያለኝንም ጭምር። ቃሌን በላሁ፣ ግን እኚህን ሰውዬ ዓይናቸውን እያየሁ ሌላ ነገር መናገር አልቻልኩም።

ጋሽ ማዳ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑት።

«እጁ ነው?» አሉ። «እጁ ብቻ ነው? ጌታ ይመስገን። እኔ ልቡ መስሎኝ ነበር።»

ቆይተው ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠርገው እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ አስገቡ። ከዚያ የሠሩትን መፍታት ጀመሩ። ማጉን፣ አግድም የገባውን ክር፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይመዙታል፣ እየመዘዙ ይጠቀልሉታል። ምን እየሠሩ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ የአንድ ሙሉ ቀን ድካም ነው፣ ሠርጉ ደግሞ ነገ ነው፣ የኔን ቀጠል አድርገን እንስፋው አልኳቸው። ያንቺን ማስረዘም አይቻልም፣ የኔን ማሳጠር ይቻላል ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ወደ አባዬ ልደውል ብዬ ስልኬን ሳወጣም አስቆሙኝ። ስልኩን ተይው፣ ሰኞ አብሬሽ እመጣለሁ አሉ።

ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጬ የተመዘዘውን ክር ተቀበልኳቸው። ጉሙ በሩ ድረስ መጥቶ ነበር። ጥለቱን ያስገቡት ብርሃኑ ሳይጠፋ ነው፤ እትዬ ዘነበች ሁለቱን ግማሽ እዚያው በር ላይ ቆመው ሰፉት። ጫፍ ለጫፍ ገጠመ። ከሌሎቹ ልጆች ጋቢ ያጥራል፣ ሙሽራው ረጅም ነው ሲባልም ጋሽ ማዳ እግሩን ይጠፍ አሉ።

ቅዳሜ፤ ሠርጉ

መዘምራኑ ከነኪቦርዳቸው ከጠዋት ጀምረዋል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ሞልቷል፤ ሥጋው፣ ሩዙ፣ ቆጮው፣ ለስላሳው በሳጥን። የምሕረት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞች ከየክፍለ ሀገሩ መጥተዋል፣ ያልመጡት ደግሞ በስልክ በቪዲዮ ገብተዋል፤ አንዷ መቀሌ ሆና ስልኩ ውስጥ እልል ትላለች፣ ስልኩን የያዘችው ልጅ ወደ ሙሽሮቹ እያስጠጋች ታዞራታለች። ሰላም ረጅም ቀሚስ ለብሳ መጣች፣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሳህኔን ከሳህኗ አስጠጋች።

በነሱ ልማድ የምርቃቱ ሰዓት ሲደርስ ጋቢውን የሠሩት ሁለቱ ጓደኛሞች ግራና ቀኝ ይዘው ሙሽሮቹን ያለብሳሉ። ጋሽ ማዳ አንዱን ዳር ያዙና ወደኔ ዞሩ። «ነይ፣ የኦይቻን ቦታ ያዢ» አሉኝ። አንድ ሽማግሌ፣ «ሴት ልጅ ናት እኮ» ብለው ተነሱ። ጋሽ ማዳ በጋሞኛ መለሱላቸው፤ ይህን እንኳ በደንብ ሰማሁት፤ ግማሹን የሠራችው እሷ ናት ነው ያሉት። ጥጥ ፈታይ ሴቶች ከተቀመጡበት ጥግ አንዲት አሮጊት እልል አሉ፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ጋቢውን ሙሽሮቹ ላይ ዘረጋነው። ምሕረት ከስሩ ሆና ያንቺስ መቼ ነው አለችኝ፤ ጋሽ ማዳም ዓይኔ ሳይደክም ፍጠኚ አሉ፣ ሰው ሳቀብኝ።

ስንለያይ ሰላም፣ የኛ ልጆች ሲያገቡ ስቲከር ነው የምንልክላቸው ወይ አለችኝ። እየቀለደች ነው፣ ግን ሁለታችንም አልሳቅንም። በየሳምንቱ እሁድ ላንጽፍ፣ ልንደዋወል ተስማማን። እሁድ ማታ ደወለች፤ ምንም ቁም ነገር አላወራንም፣ ስለ ጫማ አወራን፣ ደስ አለኝ።

ሰኞ፤ ወደ ቤት

ጋሽ ማዳ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ አፕል በካርቶን አሳስረው ከኔ ቀድመው ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ነበር። መንገዱን ሁሉ ስለ ተማሪነታቸው አወሩልኝ፤ አባዬ ሂሳብ ይሠራላቸው እንደነበር፣ እሳቸው ድርሰት ይጽፉለት እንደነበር፣ መምህሩ ነቅቶባቸው ሁለቱንም እንዳንበረከካቸው። ሶዶን ስናልፍ ወሬውን ትተው በመስኮቱ ያዩ ጀመር። እኔም ፈርቼ ነበር። ለአባዬ አልደወልኩም። ነግሬበታለሁ፣ ያዋረድኩት ይመስለዋል፣ ምናልባት በር ይዘጋብናል።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ እየመሸ፣ እየዘነበ ነው። በሩን ከፍቼ ጋሽ ማዳን አስቀደምኳቸው። አባዬ ዜና እያየ ነበር። ቀና አለና «ማዳ» አለ። ቀኝ እጁ ወደ ጋቢው ውስጥ ገባ። ወደኔ ተመለከተ፣ ያንን አስተያየት ልችለው አልቻልኩም፣ መሬት መሬት አየሁ።

ጋሽ ማዳ ሰላምታ አልሰጡትም። ዝናብ ያረጠበውን ኮታቸውን አውልቀው ሄደው በቀኙ በኩል ተጠግተውት ተቀመጡ። እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ሰደዱና የደነዘዘውን እጅ አወጡት። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፣ በሁለት መዳፋቸው ከደኑት።

«ቀዝቅዟል» አሉ።

«አልሠራም አለኝ ማዳ» አለ አባዬ።

«ስልኩን በግራህ አታነሳም ነበር?»

አባዬ መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረበት፣ አባዬ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። እጁን ግን ከጋሽ ማዳ ጉልበት ላይ አልወሰደም።